«ለጣትሽ አታስቢ»፦ የለንደን የክብሪት ሴቶች መርዝ እያለ ስለ ቅጣት ያደሙት ለምንድነው?

በፈረንጆቹ 1888 ለንደን ውስጥ አንዲት የክብሪት ፋብሪካ ሠራተኛ 1 ሺሊንግ ተቀጣች። ምን አጥፍታ? ማሽኑ ጣቷን ሊቆርጣት ሲል እጇን ሰበሰበች፣ እጇን ስትሰበስብ ማሽኑ የሚጎትተው ነገር ተጠማዘዘና ተያዘ፣ በቃ ይሄ ነው ጥፋቷ። ማሽኑን ጠብቂ፣ ለጣትሽ አታስቢ ተባለች። ሌላዋ ደሞ እንደተባለችው አደረገች፣ ማሽኑን ጠበቀች፣ ጣቷ ሄደ፣ ከዛ መሥራት አቅቷት ቤት ስትውል ድርጅቱ አምስት ሳንቲም አልደጎማትም።

ይሄን መጀመሪያ ላይ ያመጣሁት አንጀት ለመብላት አይደለም። የዚ ፋብሪካ ሴቶች በዛው ዓመት ስላደረጉት አድማ ብዙ አንብቤያለሁ፣ እና አብዛኛው ጽሑፍ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ግራ ይጋባል፣ እንዴት ነው መንጋጋ የሚበላ መርዝ እየተነፈሱ ሴቶቹ ስለ ሦስት ፔኒ ቅጣት የሚያድሙት ይላል፣ አንዳንዱም አላወቁም ነበር፣ ምስኪን ያልተማሩ ልጆች ናቸው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን የጣቷን ነገር ካነበብኩ ጀምሮ ጥያቄው ራሱ ጠማማ ሆኖብኛል፣ ምክንያቱም ያቺን ልጅ አደጋ ላይ የጣላት ማሽኑ ብቻውን መሰላችሁ? ማሽኑ ጋ እጇን እንዳትሰበስብ ያደረጋት ቅጣቱ ነው እኮ።

እስቲ ከመጀመሪያው። ቦታው ቦው ይባላል፣ የለንደን ምሥራቁ የድሃ ሰፈር፣ ኢስት ኤንድ የሚሉት። ጊዜውን ለማስቀመጥ ያህል፣ አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ከመውደቃቸው ስምንት ወር ገደማ በፊት ነው። ፋብሪካው ብራያንት ኤንድ ሜይ ይባላል፣ ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ክብሪት ማለት እነሱ ነበሩ። መሥራቾቹ ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ናቸው፣ ጨዋና ግብረገብ ያላቸው ተብለው የሚታወቁ፣ ኋላ ግን ድርጅቱ አክሲዮን ማኅበር ሆነና ለባለአክሲዮኖቹ ከ20 በመቶ በላይ የትርፍ ድርሻ ይከፍል ጀመር። በ5 ፓውንድ የተገዛ አክሲዮን ከ18 ፓውንድ በላይ ያወጣ ነበር። ከባለአክሲዮኖቹ መሃል ቀሳውስትም ነበሩበት፣ ይሄን ደሞ ጋዜጣ ላይ አወጡባቸውና ጉድ ሆነ።

አሁን ከታች ያለውን እንይ። ሥራ በበጋ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይጀመራል (በክረምት 2 ሰዓት)፣ የሚያልቀው ምሽት 12 ሰዓት፣ ለቁርስ ግማሽ ሰዓት ለምሳ አንድ ሰዓት አለ፣ ቀሪው ቁም ነው፣ ቀኑን ሙሉ በእግር መቆም። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ በሳምንት 4 ሺሊንግ ታገኛለች፣ የምትኖረው ከእህቷ ጋር ነው፣ እህትየው «ጥሩ ገንዘብ» ታገኛለች፣ ጥሩ ገንዘብ ማለት 8 ወይ 9 ሺሊንግ ነው። ከዛ ላይ 2 ሺሊንግ ለአንዲት ክፍል ኪራይ ይወጣል። ቁርሷም ምሳዋም ዳቦ በቅቤና ሻይ ነው። ልጅቷ ለጠየቀቻት ሴት ስትነግር ግን በወር አንዴ የምትሄድበት ቦታ አለ፣ እዛ ቡና አለ፣ ዳቦ በቅቤ አለ፣ ጃም አለ፣ ማርማላታ አለ፣ እና ብዙ ነው አለቻት። ይቺ «ብዙ ነው» የምትለው ነገር ከ130 ምናምን ዓመት በኋላ ስታነባት ራሱ ሆድ ታባባለች።

ቅጣቱን እንቁጠር። እግርሽ ቆሽሿል 3 ፔኒ፣ ከሥርሽ ያለው ወለል አልተጠረገም 3 ፔኒ፣ አራት አምስት ክብሪት ጠረጴዛ ላይ ትተሽ አዲስ ለማምጣት ሄደሻል 3 ፔኒ፣ አንዳንድ ክፍል ደሞ ማውራት 3 ፔኒ። የተቃጠለ ክብሪት ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥሽ 1 ሺሊንግ። አንድ ሺሊንግ 12 ፔኒ ነው፣ ስለዚ የ4 ሺሊንግ ልጅ 3 ፔኒ ስትቀጣ የሳምንት ደሞዟ አንድ አሥራ ስድስተኛ ሄደ ማለት ነው፣ 1 ሺሊንግ ስትቀጣ ሩቡ ሄደ። አንድ የተቃጠለ ክብሪት፣ የሳምንት ደሞዝ ሩብ! ዘግይታ ከመጣች በሩ ይዘጋባትና ግማሽ ቀን ውጪ ትቀራለች። ለቀለም፣ ለብሩሽ፣ ለምናምን የሚቆረጠው ደሞ ለብቻ ነው።

ወደ መርዙ ስንመጣ፣ ቤታችሁ ያለውን የክብሪት ሳጥን አንሱና ጎኑን እዩት። ያ ቡናማው መጫሪያ ላይ ያለው ቀይ ፎስፈረስ ነው፣ ክብሪቱ ጫፍ ላይ የለም፣ ለዛ ነው ክብሪት ግድግዳ ላይ ብትጭሩት እምቢ የሚለው። ያኔ ግን በብዛት የሚሸጠው ሌላ ዓይነት ነው፣ ጫፉ ላይ ነጭ ፎስፈረስ ያለበት፣ ድንጋይ ላይ በለው ጫማ ላይ በለው የትም ብትጭረው ቦግ ይላል። ሰው ይወደዋል፣ ርካሽ ነው። ነጭ ፎስፈረስ ግን ይተናል፣ ክፍሉን ይሞላል፣ እጅ ላይ ይቀራል፣ ልብስ ላይ ይቀራል። የተቦረቦረ ጥርስ ያለው ሰው በዛች ቀዳዳ በኩል ይገባበታል ይባል ነበር፣ ከዛ ጥርስ ሕመም ይጀምራል፣ ድድ ያብጣል፣ መግል ይይዛል፣ የመንጋጋ አጥንቱ በቁሙ ይሞታል። ሽታው ቤተሰብ አጠገብ አያስቀምጥም፣ እና ጨለማ ውስጥ የሞተው አጥንት አረንጓዴ ነገር ያበራል የሚሉም ነበሩ። ሕክምናው መንጋጋውን ቆርጦ ማውጣት ነው፣ የሚሞተው ሰውም ጥቂት አልነበረም። ፎሲ ጆ ብለው ነበር የሚጠሩት፣ የፎስፈረስ መንጋጋ እንደማለት።

እና ይሄ አዲስ ግኝት አልነበረም። ቪየና ውስጥ አንድ ሐኪም በ1845 ጽፎታል። ስዊድኖቹ ደሞ በቀይ ፎስፈረስ የሚሠራውን ሴፍቲ ክብሪት ከ1850ዎቹ ጀምሮ እያመረቱ ነው፣ የሚገርመው ብራያንት ኤንድ ሜይ ራሱ ያንን የስዊድን ክብሪት ያስመጣ ነበር፣ ፋብሪካውም ሲከፈት እሱን ሊያመርት ነው የተከፈተው። ፊንላንድ በ1872 ነጩን ከለከለች፣ ዴንማርክ በ1874። አማራጩ ጠፍቶ አይደለም፣ ርካሹ የበለጠ ስለሚሸጥ ነው።

አሁን ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው። ሴቶቹ ዳቧቸውን ከቤት ይዘው ይመጣሉ፣ የሚበሉት እዛው የሚሠሩበት ክፍል ነው፣ ፎስፈረሱ በነካው እጅ፣ ፎስፈረሱ ባረፈበት ጠረጴዛ። ታጥቤ ልምጣ፣ ወጣ ብዬ ልብላ ብትል ሰዓቱ ያልፍና በሩ ይዘጋባታል። ጥርሷን ያመማት ልጅ ደሞ ለካቦው አትናገርም፣ ለምን ትናገራለች? ጥርስሽን አስነቅይ ትባላለች፣ እምቢ ካለች ከሥራ ትባረራለች፣ ስለዚ ጉንጯን በጨርቅ አስራ ትመጣለች፣ ዝም ትላለች። ማውራት ራሱ 3 ፔኒ በሚያስቀጣበት ቤት ውስጥ ማነው ስለ ጥርስ የሚያወራው? ስለዚ መርዙን አየር ላይ የሚለቀው ፎስፈረሱ ነው፣ አፍ ውስጥ የሚያስገባው ግን ሕጉ ነው፣ የፋብሪካው ሕግ። ሴቶቹ ይሄን እንደኔ በቃላት ላያስቀምጡት ይችላሉ ግን ኋላ ምን እንደጠየቁ ስታዩ ከማንም በላይ ገብቷቸው ነበር።

ጁን 1888 ላይ ክሌመንቲና ብላክ የምትባል ሴት ፌቢያን የሚባለው የሶሻሊስቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ስለ ሴት ሠራተኞች ንግግር አደረገች፣ በዛው የዚ ክብሪት ድርጅት ትርፍና ደሞዝ ተነሳ። አኒ ቤሳንት አዳራሹ ውስጥ ነበረች። ይቺ ሴትዮ ራሷ አንድ ጉድ ናት፣ የቄስ ሚስት ነበረች ጥላው ወጣች፣ ሶሻሊስት ሆነች፣ ኋላ ሕንድ ገብታ በ1917 የሕንድ ናሽናል ኮንግረስ ፕሬዚዳንት የሆነችው እሷ ናት። ፋብሪካው በር ላይ ሄዳ ሴቶቹን አናገረችና ጁን 23 «ነጭ ባርነት በለንደን» የሚል ጽሑፍ ዘ ሊንክ የሚባለው ጋዜጣዋ ላይ አወጣች። ከላይ የነገርኳችሁ የጣት ነገር፣ የማርማላታው ነገር፣ የቅጣቱ ዝርዝር ከዛ ነው።

ድርጅቱ ምን አደረገ? ወረቀት አዘጋጀ። የተጻፈው ውሸት ነው፣ እኛ ደስተኞች ነን የሚል፣ ፈርሙ አላቸው። እዚ ጋ የሀገራችንን የቢሮ ኑሮ የሚያውቅ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ሴቶቹ አልፈረሙም። ከዛ ባለው ቀን አንዷ ተባረረች፣ እና ጁላይ መጀመሪያ ላይ ክፍል በክፍል እየተነሱ ወጡ፣ 1,400 የሚሆኑ ሰዎች። ደብዳቤ ለቤሳንት ጻፉ፣ የተናገርሽው እውነት ነው፣ እኛ አንፈርምም፣ በኛ ምክንያት ችግር ውስጥ እንዳትገቢ የሚል ነገር ነው፣ ማለት እነሱ ናቸው ለሷ የሰጉት።

ይቺን ነገር ያዙልኝ ምክንያቱም ለ100 ዓመት ታሪኩ የተነገረው ቤሳንት አድማውን መራች ተብሎ ነው። ታይምስ ጋዜጣም ያኔ ሶሻሊስቶች አሳስተዋቸው ነው እንጂ ልጆቹ ምንም አልነበሩም ብሎ ጽፏል። ሉዊዝ ሮ የምትባል የታሪክ ተመራማሪ ሰነዱን አገላብጣ ያሳየችው ግን ሌላ ነው፣ ቤሳንት ያሰበችው ሰው ክብሪቱን እንዳይገዛ ቅስቀሳ ማድረግ ነው፣ አድማ አላለችም፣ አድማው ሲነሳ ራሷም ዱብ ዕዳ ነው የሆነባት። 200 የሚሆኑ ሴቶች ሰልፍ ይዘው ቢሮዋ ድረስ ሄደው ነው በይ እርጂን ያሏት። እሷ ገንዘብ በማሰባሰብ፣ በመጻፍ፣ ሰው በማገናኘት ትልቅ ሥራ ሠርታለች፣ ያንን ማንም አይክድባትም። መነሳቱ ግን የነሱ ነው።

እንዲያውም ከዛ በፊት ሞክረዋል፣ ያልተሳኩ አድማዎች ነበሩ። ፓርላማም መሄድ አዲስ አልነበረም፣ በ1871 መንግሥት ክብሪት ላይ ቀረጥ ሊጥል ሲል የክብሪት ሠራተኞች ወደ ፓርላማ ሰልፍ ወጥተው ቀረጡ ቀርቷል፣ ያኔ ግን አሠሪዎቹም ደስ ብሏቸው ነበር፣ ጥቅማቸው ነዋ! እናቶቻቸው ያንን መንገድ ረግጠውታል። ደሞ አብዛኞቹ የአይሪሽ ዘር ያላቸው፣ አንድ መንደር ውስጥ የሚኖሩ፣ እህትማማች፣ የአክስት ልጅ፣ ጎረቤት ናቸው፣ አንዷ ስትነካ መንደሩ ሁሉ ይሰማል። «ልጃገረዶች» እየተባሉ ስለሚጻፍ ሁሉም ትንንሽ ልጆች ይመስላሉ እንጂ መሃላቸው የልጆች እናቶችም ነበሩ። ስማቸው የተመዘገበ አሉ፣ ሣራ ቻፕማን፣ ሜሪ ድሪስኮል፣ ኤሊዛ ማርቲን፣ ሜሪ ከሚንግስ። ቂሙም የቆየ ነው። በ1882 አንደኛው ባለቤት ለጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስቶን ሐውልት አቆመ፣ ከሠራተኞቹ ደሞዝ 1 ሺሊንግ ቆረጠ፣ ሐውልቱ ሲመረቅ ደሞ ግማሽ ቀን ፋብሪካው ይዘጋ ተባለ፣ ያለ ክፍያ። ቤሳንት እንደጻፈችው ብዙዎቹ ምረቃው ላይ ድንጋይና ጡብ በልብሳቸው ደብቀው ሄደዋል፣ አንዳንዶቹም ኋላ ሐውልቱን ከበው እጃቸውን እየቆረጡ ደማቸውን ድንጋዩ ላይ አንጠባጠቡ፣ የተሠራው በኛ ደም ነው ለማለት።

ጁላይ ውስጥ 50 የሚያልፉ ሴቶች ፓርላማ ሄደው የምክር ቤት አባላት አነጋገሩ። አንዷ ልጅ ባርኔጣዋን አውልቃ አናቷን አሳየች፣ መሃሉ ተመልጧል፣ የክብሪት ሣጥን ጭንቅላት ላይ ሲሸከሙ ነው እንደዛ የሚሆነው። የፓርላማ ሰው ሪፖርት ማንበብ ለምዷል፣ የተመለጠ የልጅ ጭንቅላት ግን ፊት ለፊቱ ሲቆም የሚለው ያጣል። ከዛ የለንደን የሠራተኛ ማኅበራት ምክር ቤት ገብቶ አሸማገለ፣ ደራሲው በርናርድ ሾው ሳይቀር የአድማ ገንዘብ በማከፋፈል ረድቷል፣ እና በሦስተኛው ሳምንት ድርጅቱ እጅ ሰጠ።

ያገኙትን ልብ በሉ። ቅጣት በሙሉ ቀረ። ለቀለምና ለብሩሽ የሚቆረጠው ቀረ። አንዲትም ሴት በአድማው ምክንያት እንዳትባረር። ቅሬታ ካለ በካቦው በኩል ሳይሆን ቀጥታ ለዋናው ሥራ አስኪያጅ። እና ለቁርስ የሚበሉበት የተለየ ክፍል።

ብዙ ሰው ይሄን ዝርዝር ሲያነብ የመጨረሻዋን ይዘላታል፣ የምግብ ክፍል ምን ይደንቃል ብሎ። ለኔ ግን ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ናት። ፎስፈረሱን ማስቀረት አቅማቸው አልነበረም፣ ኬሚስት አይደሉም፣ ገበያውን አይቆጣጠሩም፣ ግን ዳቦና መርዝ አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዳይገናኙ ማድረግ ይችሉ ነበር፣ አደረጉት። የካቦው ነገርም እንደዛው ነው፣ ቅሬታሽን የሚሰማሽ ያው የሚቀጣሽ ሰው ከሆነ ቅሬታ የለሽም ማለት ነው፣ ያንን ነው የቆረጡት። ስለ ሦስት ፔኒ አደሙ የሚለው ሰው እዚ ጋ ያመለጠው ያ ነው፣ መጀመሪያ አፍ ካልተከፈተ ስለ መርዝ የሚናገር አይኖርም።

ጁላይ መጨረሻ ላይ ማኅበራቸውን መሠረቱ፣ ኦክቶበር ላይ 666 አባላት ነበሩት፣ ለሴቶች በዛ ዘመን ትልቅ ቁጥር ነው። ሣራ ቻፕማን ኮሚቴው ውስጥ ገባች፣ በ1890 ሊቨርፑል ላይ በተደረገው የሠራተኛ ማኅበራት ጉባኤ ተወካይ ሆናለች። በዓመቱ 1889 የጋዝ ሠራተኞች ተነሱ፣ ከዛ የለንደን ወደብ ተሸካሚዎች፣ ያ ታላቁ የወደብ አድማ የሚባለው። ሙያ የሌለው፣ በቀን የሚቀጠር ሰው ማኅበር አያቋቁምም ይባል ነበር እስከዛ ድረስ።

ያላገኙትም አለ፣ መርዙ ራሱ። ነጭ ፎስፈረስ በብራያንት ኤንድ ሜይ ፋብሪካ እስከ 1901 ቀጠለ። በ1891 ሳልቬሽን አርሚ የሚባለው የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት እዛው አካባቢ በቀይ ፎስፈረስ የሚሠራ ፋብሪካ ከፍቶ የተሻለ እየከፈለ፣ ጋዜጠኞች እየጠራ፣ ያለ መርዝም ይሠራል እኮ ብሎ አሳየ፣ ክብሪቱ ግን ዋጋው ትንሽ ወደድ ስለሚል አልቆየም፣ ተዘጋ። በ1898 ደሞ ሌላ ጉድ ወጣ፣ ድርጅቱ 17 የፎስፈረስ መንጋጋ ታማሚዎችን ሳያሳውቅ ደብቋል፣ ከነሱ 6ቱ ሞተዋል። ፍርድ ቤት ምን ቀጣው? ወጪውን ጨምሮ 25 ፓውንድ ከ9 ሺሊንግ። አካፍሉት ለ17፣ ለአንድ ሰው 30 ሺሊንግ ገደማ ይመጣል። ያቺ የማርማላታዋ ልጅ ያንን ለማግኘት ከሰባት ሳምንት በላይ ትሠራ ነበር፣ ለድርጅቱ ግን ምንም ማለት አይደለም። እሷ በአንድ የተቃጠለ ክብሪት የሳምንት ደሞዟን ሩብ ስትቀጣ የነበረበት ቤት ነው ይሄ።

መርዙ የቀረው በምንድነው ብትሉ፣ ይሄን እኔም ለማመን ከብዶኝ ነበር፣ ትልቁን ሥራ የሠራው አዲስ ቀመር ነው። በ1898 ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች የትም ቢጫር የሚበራ ግን መርዝ የሌለው ውህድ አገኙ። አሁን ድርጅቶቹ ገበያቸውን ሳያጡ መተው ቻሉ፣ ከዛ በ1906 ስዊዘርላንድ፣ በርን ላይ አገሮች ስምምነት አደረጉ፣ እንግሊዝ በ1908 ሕግ አወጣች፣ ከ1910 ጀምሮ ነጩ ክብሪት ተከለከለ። አሜሪካ ደሞ የቀመሩን ባለቤትነት የያዘው ዳይመንድ ማች የሚባለው ድርጅት በ1911 ፓተንቱን በነጻ እስኪለቅ ተጠበቀ፣ ፕሬዚዳንት ታፍት ለምነውት። አድማውና እገዳው መሃል 22 ዓመት አለ። በነዚህ ዓመታት መንጋጋቸው የተቆረጠ ሰዎች የከፈሉት የኬሚስት እጥረት ዋጋ ብቻ አይደለም፣ ዴንማርክ እኮ በ1874 ጨርሳዋለች።

ይሄ የሕግና የአደጋ ነገር የክብሪት ብቻ ከሆነ ብዬ ሌላ ቦታ ፈልጌ ነበር፣ ኒውዮርክ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። በ1909 የሸሚዝ ሰፊ ሴቶች አድማ ተነሳ፣ ክላራ ለምሊክ የምትባል ወጣት ስደተኛ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ወጥታ በዪዲሽ፣ በአውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ፣ «ንግግር ይብቃን፣ አድማ እንውጣ» ብላ፣ ከ20,000 በላይ ሴቶች ወጡ። ብዙ ድርጅቶች ከማኅበሩ ጋር ተፈራረሙ፣ ትራያንግል የሚባለው ግን ማኅበሩን አልቀበልም አለ። በ1911 ማርች 25 ትራያንግል ተቃጠለ። 146 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ወጣት የአይሁድና የጣሊያን ስደተኛ ሴቶች። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አንደኛው በር ተቆልፎ ነበር። ለምን ተቆለፈ? ሴቶቹ ሲወጡ በአንድ በር ብቻ ወጥተው ቦርሳቸው እንዲፈተሽ፣ ጨርቅ እንዳይሰርቁ። ለስርቆት ቁጥጥር የወጣ ሕግ ነው የገደላቸው፣ እሳቱ ሰበብ ሆነ። ባለቤቶቹ ተከሰው ነጻ ወጡ፣ በ1914 የሟች ቤተሰቦች በፍትሐ ብሔር ለአንድ ነፍስ 75 ዶላር ተከፈላቸው፣ ባለቤቶቹ ግን ከኢንሹራንስ ያገኙት ከዛ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

የድሮ ነገር ነው የሚል ካለ ባንግላዲሽ ይምጣ። 2013 ኤፕሪል 23 ራና ፕላዛ የሚባለው ሕንጻ ተሰነጠቀ፣ ሁሉም አየው። እታች ያለው ባንክ ሠራተኞቹን ቤታችሁ ዋሉ አለ። ፎቅ ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች በማግስቱ ግቡ ተባሉ፣ የማይገባ የወር ደሞዙን ያጣል የሚል ማስፈራሪያ እንደነበረ የተረፉት ተናግረዋል። ሕንጻው ወረደ፣ ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። ያው አንድ ሕንጻ፣ ያው አንድ ስንጥቅ፣ የባንኩ ሰው ተረፈ የልብሱ ሰው ሞተ፣ ልዩነቱ እምቢ ማለት ምን ያስከፍላል የሚለው ነው። ከዛ በኋላ የተፈረመው የደህንነት ስምምነት ውስጥ ሠራተኛ አደገኛ ነው ብላ ካመነች ሳትቀጣ አልገባም ማለት ትችላለች የሚል ነገር ገብቷል፣ የገባው ከሬሳው በኋላ ነው።

የአክስቴ ልጅ እዚው ሀገር አንድ የልብስ ፋብሪካ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ላዩ ላይ ወሩን ሙሉ ሳትቀሪ ከመጣሽ የሚሰጥ ቦነስ አለ። አንዴ ልጠይቃት ቤቷ ሄጄ ታይፎይድ ይዟት አገኘኋት፣ ፊቷ ገርጥቷል፣ እጇ ሲነካ እሳት ነው፣ ግን ከሽፍት መመለሷ ነው። አንቺ አብደሻል እንዴ ስላት፣ ሁለት ቀን ብቀር የወሩ ቦነስ በሙሉ ይሄዳል፣ እሱ ደሞ የቤት ኪራዬ ነው አለችኝ። ስሙ ቅጣት አይደለም፣ ቦነስ ነው፣ የሚሠራው ግን ያንኑ ነው፣ ትኩሳት ይዞሽ መርፌው ፊት ያስቀምጥሻል። እሷ የሠራችው ሐዋሳ አይደለም፣ ግን በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን አይተው መነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር ነው ብለው ነበር። መነሻው እንደዛ ሲሆን ከላዩ የምትቆረጥ ወይ የምትቀር እያንዳንዷ ሳንቲም ዱላ ትሆናለች።

በነገራችን ላይ፣ በየዓመቱ ማርች 8 ሲመጣ በሬዲዮም በስብሰባም «በ1857 ኒውዮርክ የጨርቃጨርቅ ሴቶች አድማ» እየተባለ ይነበባል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ፈልገው ፈልገው ለዛ ሰልፍ ማስረጃ አጥተዋል፣ ወሬው ብቅ ያለው 1955 አካባቢ በአንድ የፈረንሳይ ጋዜጣ ነው። ቀኑን ማርች 8 ያደረገው በ1917 ሩሲያ ውስጥ የፔትሮግራድ ሴት የጨርቃጨርቅ ሠራተኞች ዳቦ ብለው ያደሙት አድማ ነው። ያልነበረ አድማ እያነበብን የነበሩትን በስም የማናውቃቸው ነገር ያናድደኛል፣ ለዛም ነው ከላይ አራት ስም የጻፍኩት።

ሣራ ቻፕማን በ1945 ሞተች፣ የተቀበረችው ለንደን ማኖር ፓርክ፣ ምልክት የሌለው የድሃ መቃብር ውስጥ ነው፣ ዘሮቿ ናቸው ኋላ ፈልገው ያገኙት። ፋብሪካው በ1979 ተዘጋ፣ ሕንጻው አሁን አፓርታማ ሆኗል፣ ቦው ኳርተር ይባላል፣ በር ላይ በ2022 ሰማያዊ የመታሰቢያ ምልክት ለአድማው ተለጥፎለታል። የግላድስቶን ሐውልትም አለ፣ ያ በሺሊንጋቸው የቆመው፣ ቦው ቤተክርስቲያን ፊት ለፊት፣ አንድ እጁን ዘርግቶ። እጆቹ ቀይ ተቀብተዋል።